ጄሮንቶሎጂን ማይነር አድርጎ መያዝ፦ ከሬጅስትራር መስኮት እስከ እማማ ደጃፍ

ሴሚስተር በተጀመረ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ሶሻል ወርክ ነው የምማረው። አረጋውያን ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ጄሮንቶሎጂን ማይነር ማድረግ ይቻላል? ከየት ልጀምር?» (ጄሮንቶሎጂ የእርጅና ጥናት ነው፤ ማይነር ደግሞ ከዋናው ትምህርት ጎን የሚያዝ ሁለተኛ ዘርፍ።) ሶሲዮሎጂና ሳይኮሎጂ የሚማሩም ይጠይቁኛል። በቅርቡ ደግሞ አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ጠየቀኝ፤ አያቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገብተው መውረድ አቅቷቸዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ የማውቀው ስድስት ኪሎን (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ) እና ዙሪያውን ስለሆነ ምሳሌዎቼም የዚያው ሰፈር ናቸው።

ማይነሩ እንዲሳካ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ኮርስ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ የምትመላለሱበት አንድ የአረጋዊ ቤት፣ እና ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ የጥናት ወረቀት። አብዛኛው ተማሪ መሃለኛውን ይዘላል። እኔ በጣም የማስረዝመው እሱን ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የዲፓርትመንታችሁ ካሪኩለም፣ የየሴሚስተሩ የኮርስ ዝርዝር ያለበት
- እስካሁን ያለው የግሬድ ሪፖርታችሁ
- ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሁለት ኮፒ ጋር
- የተማሪ መታወቂያ
- በአማርኛ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ፣ በትልቅ ፊደል (ከ14 ነጥብ ባያንስ)
- የጣት አሻራ ቀለም
- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። ስልክ ብቻ አይበቃም፤ ባትሪ ያልቃል፤ ስልክ እየነካካ የሚያወራ ልጅ ደግሞ ለአረጋዊ የማይሰማ ልጅ ነው።

1. ካሪኩለማችሁን አንብቡ

«ማይነር አለ ወይ?» ብላችሁ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀቱን ራሳችሁ እዩ። ከሦስት ነገር አንዱን ታገኛላችሁ። ማይነር የሚል ቦታ ካለ ቅጹን ሞልታችሁ ትመዘገባላችሁ። ማይነር ሳይል «ፍሪ ኢለክቲቭ» (ራሳችሁ የምትመርጡት ኮርስ) የሚል ካለ እነዚያን ክፍት ቦታዎች በሙሉ በአረጋውያን ጉዳይ ትሞላላችሁ። ሁለቱም ከሌሉ መምህሩን አስፈቅዳችሁ ያለ ግሬድ ገብታችሁ ትከታተላላችሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ደግሞ በዚሁ ርዕስ ታደርጋላችሁ።

ለልክ ያህል፣ በአሜሪካ ኮሌጆች ማይነር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ክሬዲት ነው፤ አምስት ስድስት ኮርስ ማለት ነው። እናንተም ኢለክቲቩን፣ የመስክ ልምምዱንና የመመረቂያ ጽሑፉን ደምራችሁ ወደዚያ ከተጠጋችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

ቅደም ተከተሉ አድቫይዘር፣ ዲፓርትመንት ሄድ፣ ኮርሱን የሚሰጠው ዲፓርትመንት፣ ሬጅስትራር ነው። ሬጅስትራር መጨረሻ ላይ የሚሆነው እዚያ ያለው ሰው የሚያየው ፊርማ ብቻ ስለሆነ ነው። ያለ ፊርማ ብትሄዱ ሰልፉ ለከንቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ይህ ኮርስ ለምረቃ ይቆጠርልኛል ወይስ ትርፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ሦስተኛ ዓመት ላይ «ችግር የለውም፣ ይቆጠርልሻል» ተብዬ ኮርሱን ወሰድኩ። ያለኝ ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። አዲሱ «ማስረጃሽ የታል?» አለኝ። ምን ላሳይ? አፍ ማኅተም የለው። ኮርሱ ትርፍ ሆኖ ቀረ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ደርቤ ወሰድኩ። ሁሉንም ከአድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ ከሚጨመርበትና ከሚቀነስበት) ሳምንት በፊት ጨርሱ።

2. አራት እግር ያለው ወንበር ሥሩ

ጄሮንቶሎጂ የአንድ ዲፓርትመንት ዕቃ አይደለም። እርጅናን ከሰውነት፣ ከአእምሮ፣ ከማኅበረሰብና ከፖሊሲ በኩል ያያል። ስለዚህ ከየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ኮርስ ያዙ፦ አንድ ከሥነ ሕይወት ወይም ከጤና፣ አንድ የዕድገት ሳይኮሎጂ፣ አንድ የሥነ ሕዝብ ወይም የቤተሰብ ሶሲዮሎጂ፣ አንድ የማኅበራዊ ፖሊሲ። ሦስቱን ከስድስት ኪሎ ሳትወጡ ልታገኙ ትችላላችሁ። የሥነ ሕይወቱ አራት ኪሎ ከሆነ በሁለቱ ክላሶች መሃል ግማሽ ሰዓት ተዉ። ታክሲ እይዛለሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ሰልፉ ከእግር መንገዱ ይረዝማል።

ተደጋግሞ የማየው ስህተት አራቱንም ከአንድ አቅጣጫ መውሰድ ነው። የሳይኮሎጂ ተማሪ ሳይኮሎጂ ላይ ሳይኮሎጂ ይጨምራል። በኋላ አንዲት እናት «አይሰማኝም» ሲሉት የመንፈስ ጭንቀት ፍለጋ ይገባል። የሴትየዋ ችግር ጆሮ ነው።

3. ከመጀመሪያው ክላስ በፊት ሦስት ነገር አጥርታችሁ እወቁ

አንደኛ፣ ጄሮንቶሎጂና ጄሪያትሪክስ ይለያያሉ። ጄሪያትሪክስ አረጋውያንን የሚያክመው የሕክምና ዘርፍ ነው። እናንተ ሐኪም አይደላችሁም፤ ማንንም «ይህ በሽታ አለበት» አትበሉ።

ሁለተኛ፣ አረጋዊ ማለት ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በአብዛኛው 60ን ይወስዳል። በእኛም አገር የጡረታ መውጫ 60 ነው። ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ጽሑፍ ግን 65 ይላል። ከሁለቱ የመጣ ቁጥር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከቀላቀላችሁ ሠንጠረዡ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ የዕድሜን ውጤት ከትውልድ ውጤት ለዩ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት ማንበብ የማይችሉት ስላረጁ አይደለም፤ በልጅነታቸው የሚገቡበት ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው። ዛሬ 40 ዓመት የሆናት መምህርት ሰማንያ ሲሞላትም ታነባለች። ይህን ያልለየ ተማሪ የወረቀቱን ግማሽ በስህተት ይሞላል።

የፖሊሲውን በኩል ደግሞ ከምንጩ አንብቡት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። የጡረታ አዋጆቹ ለመንግሥት ሠራተኛ 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ 1268/2014 ናቸው። መዋጮው 18 በመቶ ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ይህን ስታነቡ ጉሊት ስትቸረችር፣ ልብስ ስታጥብ፣ እንጀራ ስትጋግር የኖረችው ሴት የት እንደገባች ፈልጉ። ጥሩ የወረቀት ርዕስም እዚያ ጋ አለ።

4. ደብዳቤውን በትክክል አጽፉ

ደብዳቤው የማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታጠኑ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ መረጃው ለትምህርት ብቻ እንደሚውል ይናገር። «ለሚመለከተው ሁሉ» አይጻፍ። ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ አንድ፣ ለዕድሩ አንድ ይጻፍ። ለሚመለከተው ሁሉ የተባለ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም፤ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር ሴሚስተሩ ያልቃል። ጥናታችሁ ጤና የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ያስፈልጋል። ጊዜ ስለሚፈጅ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

5. አንድ ሰው ያዙ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ተመላለሱ

ሃያ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ከማነጋገር አንድ ሰው አሥር ጊዜ መጎብኘት ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን የሚነገራችሁ ለእንግዳ የሚባለው ነው። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ልጆቼ ይጠይቁኛል።» ልጆቹ እንደማይመጡ የምታውቁት አራተኛው ቀን ላይ ነው።

ሰውየውን ለማግኘት የዕድር ዳኛ ከወረዳ ቢሮ ይፈጥናል። ዳኛው ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ታሞ መተኛቱን ያውቃል፤ ሰውም ያምነዋል። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ በልማት ተነስቶ ወደ ዳር ሰፈር ስለሄደ ቤቱን ብቻ ሳይሆን የሚቀርባቸውን ሰው ስልክም ያዙ። በመሃል ቢነሱባችሁ አትደንግጡ። ተከትላችሁ ሂዱ። ዕድራቸው የት ቀረ? ቡና ከማን ጋር ይጠጣሉ? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንዴት ይደርሳሉ? የማኅበራዊ ጄሮንቶሎጂ ኮርስ በዓይናችሁ ፊት እየተካሄደ ነው።

ቀጠሮ ስትይዙ ቀኑን አስቡ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ ዓርብ ቀትር ላይ ለሙስሊም አባት ቀጠሮ አይያዝም። በጾም ደግሞ የቅዳሴውን ሰዓት ተዉት። በሌላው ጊዜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ በር ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

አጠራሩን ሳታውቁ አትግቡ። «እማማ» እና «አባባ» ለሁሉም አይሆንም። አንዳንዷ እትዬ መባል ትወዳለች። የመነኮሱት እማሆይ ናቸው። ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ጋሼ ቢባሉ ይመርጣሉ። የዕድር ዳኛውን «ሰፈር ምን ብሎ ይጠራቸዋል?» በሉት። አንቱታው ግን ለድርድር አይቀርብም፤ እሳቸው ራሳቸው «አንተ በለኝ» ቢሏችሁም።

ስትናገሩ አትጩኹ። ጆሮ ሲደክም መጀመሪያ የሚያመልጠው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ስትጮኹ ደግሞ ድምፃችሁ ይበልጥ ይቀጥናል። ድምፃችሁን ወፈር፣ ንግግራችሁን ዝግ አድርጉ። ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ከንፈር ስለሚያነቡ።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ወጣት ለአረጋዊ መዝጋቢ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩባቸው እናት ገቢያቸውን ስጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ስሜን በደንብ ጻፍሽው?» አሉኝ። እርዳታ መስሏቸዋል። በሁለተኛው ቀን «ዘይቱ መጣ?» አሉ። በሦስተኛው ጎረቤቶቻቸውንም ጠርተው ጠበቁኝ፤ አምስት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ደጁ ላይ ተደርድረዋል። ያን ቀን ያፈርኩትን እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ገና ስትገቡ «እኔ ተማሪ ነኝ፣ ምዝገባ አይደለም፣ በዚህ የሚመጣ እርዳታ የለም» በሉ። በሁለተኛው ቀንም ድገሙት። የገቢ ጥያቄ ከሦስተኛው ጉብኝት በፊት አይነሳ።

ስኳርና ቡና መያዝ ያምራል፤ ግን ስትወጡ ስጡ። ስትገቡ ከሰጣችሁ ፈቃዱን ገዛችሁት ማለት ነው፤ ስኳር የተቀበለ ሰው «አልፈልግም» ማለት ይከብደዋል። የፈቃድ ቅጹን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡላቸው። መፈረም ለማይችሉ የጣት አሻራ ይበቃል፣ የሚያምኑት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ።

6. ዕድሜን በታሪክ ጠይቁ

«ስንት ዓመትዎ ነው?» ካላችሁ መልሱ 60፣ 65፣ 70 ነው። በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ የሚከመረው ይህ ነገር የሥነ ሕዝብ መምህራችሁም የሚያነሱት ጉዳይ ነው። መፍትሔው ዕድሜውን ከሚታወቅ ዓመት ጋር ማሰር ነው፦

- ጣልያን የወጣበት፣ 1933
- የታኅሣሥ ግርግር፣ 1953
- የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ ግንቦት 1955
- ንጉሡ የወረዱበት፣ መስከረም 1967

«ንጉሡ ሲወርዱ ትዳር ይዘው ነበር? ልጅ ነበርዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የበኩሬን ታቅፌ ነበር» ካሉና ያን ጊዜ 20 ዓመት ግድም ከነበሩ ልደታቸው 1947 አካባቢ ነው። በሁለተኛ ክስተት አመሳክሩት፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ።

የተለመደ ስህተት፦ የልደት ዓመቱን በኢትዮጵያ፣ የዛሬውን በፈረንጅ አቆጣጠር ማድረግ። በ1965 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ2017 ዓ.ም. 52 ዓመቱ ነው። ከ2025 ላይ 1965ን የቀነሰ ተማሪ ግን 60 ያወጣና ጎልማሳውን አረጋዊ አድርጎት ቁጭ ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት የዓምዱ ራስ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ።

7. የዕለት ተዕለት አቅምን መዝግቡ

የካትዝ መለኪያ የሚባለው ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መብላት። የሎውተን የሚባለው ደግሞ ስምንት ነገር ይዟል፦ ስልክ፣ ገበያ፣ ምግብ ማብሰል፣ የቤት ሥራ፣ ልብስ አጠባ፣ ትራንስፖርት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ። ሁለቱም የተሠሩት አሜሪካ ነው። ቃል በቃል ተርጉማችሁ አትጠይቁ።

ለምሳሌ አንድ ጋሼ «ምግብ ማብሰል ይችላሉ?» ስላቸው «አልችልም» አሉኝ። አቅም አጥተው አይደለም፤ በሕይወታቸው አንድም ቀን ድስት ጥደው አያውቁም። «አይችልም» ብላችሁ ከመዘገባችሁ ጤነኛውን ሰው ደካማ አደረጋችሁት። «ድሮስ ያበስሉ ነበር?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ።

ሽንት ቤት ላይም ተመሳሳይ ነው። የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ከቤቱ ወጥቶ፣ ሦስት ድንጋይ ደረጃ ወርዶ፣ በቦዩ ዳር አልፎ ነው። «ብቻዎን ይሄዳሉ?» ስትሏቸው «አዎ» ይላሉ። «ማታስ?» በሏቸው። ያኔ አልጋው ሥር ያለውን ፖፖ ያሳዩአችኋል። ስለዚህ ቀንና ማታን በሁለት ዓምድ ጻፉ፤ ድንጋዮቹንም ቁጠሩ። ችግሩ ከጉልበታቸው ይሁን ከግቢው የምታውቁት እንዲህ ነው። ያ የአርክቴክቸር ተማሪ ሊለካ የሚገባው እነዚህን ድንጋዮች ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የማስታወስ ፈተና ኢንተርኔት ላይ አግኝታችሁ አትሞክሩ። በጣም የታወቀው ከ30 የሚታረመው ፈተና ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ሥዕል ገልብጥ ይላል። እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ እናት እዚያ ላይ ነጥብ የሚያጡት በአእምሮ ድካም አይደለም። ቀኑንም በቁጥር ሳይሆን «ዛሬ ገብርኤል ነው» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ፤ ትክክል ናቸው። ሰው በድንገት፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ግራ ሲጋባ ካያችሁ ግን እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። ኢንፌክሽን ወይም መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ለቤተሰቡ ተናግራችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

8. ወረቀቱን ከደብተሩ አውጡ

ርዕሱን ከጉብኝቱ በኋላ ምረጡ። «አረጋውያን በአዲስ አበባ» ሰፊ ነው፤ «ከሰፈር መነሳትና የዕድር አባልነት» ይበቃል። ለንባብ ኬኔዲ ላይብረሪ፣ እዚያው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ወመዘክርና አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ይበቃሉ። የሕዝብ ቁጥር ስትጠቅሱ የመጨረሻው ሙሉ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. መሆኑን አትርሱ። ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ነውና «ትንበያ» ብላችሁ ጻፉት።

ስም አይጻፍ። ስምም ባይጻፍ «ስድስት ኪሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን የሚኖሩ የቀድሞ ነርስ» ካላችሁ ሰፈሩ ያውቃቸዋል።

9. መጨረሻውን ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ

«እስከ ሰኔ እመጣለሁ» በሉ። ሰኔ ሲገባም በየጉብኝቱ ስንት ቀን እንደቀረ አስታውሱ። ፈተና ደረሰ ብሎ በዚያው የሚጠፋ ተማሪ ብዙ ነው፤ ጀበናው በቀጠሮው ቀን ተጥዶ ይጠብቀዋል። በመጨረሻው ቀን የጻፋችሁትን ይዛችሁ ሂዱና አንብቡላቸው። «ይህን አላልኩም» የሚሉት ነገር አይጠፋም። እኔ የምመላለስባቸው እናት የልጆቻቸው ቁጥር ላይ አስቆሙኝ። አምስት ብዬ ጽፌ ነበር። «ሰባት ናቸው» አሉኝ፤ የሞቱትን ሁለቱን አልቆጠርኩም ነበር። ደብተሬን አውጥቼ እዚያው አረምኩት።